ማማው ከመተከሉ በፊት፦ ለወጣት የመስመር አቃጅ አሥራ አንድ ምክሮች

ልጄ፣ በማስተላለፊያ መስመር ጥናት ክፍል መመደብሽን ሰማሁ። በደብዳቤሽ «ከመማሪያ መጽሐፍ የማላገኘውን ይንገሩኝ» ብለሻል። እሺ፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

በእኛ ሙያ ሪባን የሚቆረጠው ግድብ ላይ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋ ዋት አቅሙ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ አገር ሁሉ አየው። ከጉባ ተነሥቶ ሸለቆና ተራራ የሚያቋርጠውን ሽቦ ግን ስንቱ ልብ ብሎታል? ኃይሉ ፈላጊው ዘንድ ካልደረሰ አለመመረቱ ይሻል ነበር። የአንቺ ሥራ ይህ መካከሉ ነው፤ ሲሠራ የሚያመሰግንሽ የለም፣ ሲጠፋ ግን ሁሉም ይጠራሻል።

ለምሳሌ እንዲመቸን የምሥራቁን አቅጣጫ እይዛለሁ፤ ከቆቃና ከአዋሽ በድሬዳዋ በኩል ወደ ሐረር፣ ወደ ጅግጅጋና ወደ ጅቡቲ የሚያደርሰውን። የኤሌክትሪክ ባቡሩ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ፣ የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና፣ በየዓመቱ የሚሰፉት ከተሞችና ለጎረቤት የሚሸጠው ኃይል እዚያ ይገናኛሉ። ደጋና ቆላ፣ አርሶ አደርና አርብቶ አደርም እንዲሁ።

ከምክሮቹ ሁሉ ሥር ያለው ሐሳብ አንድ ነው። የምታቅጂው መስመር ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊቆም ይችላል፤ አንቺ የምታውቂው ግን የሚመጡትን ጥቂት ዓመታት ነው፣ እነሱንም በከፊል። ስለዚህ ያላሰብሽው ነገር ሲመጣ ተተኪሽ የሚያርምበት ቦታ ተይለት።

1. መስመሩን ከመሳልሽ በፊት ጭነቱን እወቂ።

አብዛኛው ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያለፉትን ዓመታት የፍጆታ ቁጥር ወስዶ ወደ ፊት በማስመሪያ መሳብ ቀላል ነው፤ በኮምፒውተርም ሲታይ ያምራል። ነገር ግን ኃይል በየቀኑ በሚቆራረጥበት ከተማ ቆጣሪው የሚነግርሽ ሰው ያገኘውን እንጂ የፈለገውን አይደለም። ጄነሬተር የሚያስነሣውን ፋብሪካ፣ መብራት ይጠፋብኛል ብላ ከሰል የምትገዛውን እናት፣ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ያደረበትን ባለሀብት ቆጣሪው አያውቃቸውም። ወደ ከተማ አስተዳደሩ፣ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ወደ ኃይል ጠያቂዎች መዝገብ ሂጂ። ከጠያቂዎቹም መሬት የተረከበውን፣ ብድር የተፈቀደለትንና ወረቀት ብቻ የያዘውን ለይተሽ መዝኚ።

የጭነቱን መጠን ካወቅሽ በኋላ ጠባዩን ጠይቂ። የባቡር መስመር ከሦስቱ ፌዞች እኩል አይስብም፤ ሚዛን ያዛባል። የሲሚንቶ ወፍጮ ሞተር ሲነሣ ቮልቴጁን ይጎትታል። ቤተሰብ ደግሞ ሰዓት ይመርጣል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይፈልጋል። በበዓል ዋዜማ ሃምሳ ሺህ ቤት በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢሰካ 150 ሜጋ ዋት ሆነ ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ጣቢያ ሙሉ አቅሙ 43 ሜጋ ዋት መሆኑን አስቢና ለካ እንጀራችን ስንት ቆቃ ይፈልጋል በይ።

ያልጠበቅሽውም ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለከል፣ ከአሥር ዓመት በፊት በተጻፈ ጥናት ውስጥ የመኪና ቻርጅ የሚባል ጭነት ቦታ አልነበረውም። ቢትኮይን የሚያመርቱት የዳታ ማይኒንግ ድርጅቶችም እንዲሁ ድንገት ደርሰው ብዙ ሜጋ ዋት ጠየቁ። ስለዚህ አንድ ትንበያ ይዘሽ አትቅረቢ፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብለሽ ሦስት አቅርቢ። በእያንዳንዱም መስመሩ በስንተኛው ዓመት እንደሚሞላ ጻፊ። አለቆችሽ የሚያስታውሱት ያንን ዓመት ነው።

2. በእርግጥ የጎደለው መስመር ነውን?

መብራት በጠፋ ቁጥር አዲስ መስመር ይዘርጋ ይባላል። ብዙ ጊዜ ሕመሙ ሌላ ቦታ ነው፤ አቅሙ የሞላ ትራንስፎርመር፣ ያረጀ የ15 ወይም የ33 ኪሎ ቮልት ፊደር፣ በዘመመ የእንጨት ምሰሶ ላይ የተሰበረ ስኒ (ኢንሱሌተር)። ከሰብስቴሽን በታች ያለው ከተበላሸ፣ በላዩ ሌላ ከፍተኛ መስመር ብትጨምሪ ደንበኛው ልዩነቱን አያየውም።

በመጀመሪያ የመቋረጥ መዝገቡን አንብቢ። ስንቱ ከማስተላለፊያው፣ ስንቱ ከማከፋፈያው እንደመጣ ለዪ። ያለው መስመር ሽቦው በወፍራም ወይም ሙቀት በሚችል ኮንዳክተር ቢቀየር፣ ጣቢያው ላይ ካፓሲተር ቢጨመር፣ ሁለተኛ ትራንስፎርመር ቢተከል ስንት ዓመት እንደሚያስተነፍስ አስልተሽ ከአዲሱ መስመር ጎን አስቀምጪው። አዲሱ መስመር ይህን ፈተና ካለፈ የማንም ጥያቄ አያናውጠውም።

ደግሞም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ማመንጨትና ማስተላለፍ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና ሽያጭ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥር ናቸው። የአንቺ ሰብስቴሽን ተጠናቅቆ ከእሱ የሚወጡት ፊደሮች ካልተዘረጉ፣ ውድ ትራንስፎርመር ተተክሎ ከተማው ጨለማ ሊያድር ነው። ከአገልግሎቱ ሰዎች ጋር ተቀመጪ፤ ከጥናቱ የመጀመሪያ ወር ጀምሮ፣ ከምረቃው ሳምንት አይደለም።

3. ቮልቴጁን ለዛሬ ጭነት ብቻ አትምረጪ።

አንድ ስሌት በቃልሽ ያዢ። 100 ሜጋ ዋት በ132 ኪሎ ቮልት ስትልኪ በሽቦው የሚያልፈው ጅረት 437 አምፔር ገደማ ነው፤ በ230 ኪሎ ቮልት 251 አምፔር ገደማ። ብክነቱ የሚያድገው በጅረቱ ካሬ ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ሽቦ ዝቅተኛው ቮልቴጅ ሦስት እጥፍ ያህል ኃይል በሙቀት ይበትናል። ዛሬ በግዥ ያዳንሽው ብር ለዘመናት በብክነት ይፈስሳል ማለት ነው።

ከፍተኛ ቮልቴጅ ደግሞ የራሱ ዕዳ አለው። ረጅም መስመር ተዘርግቶ ጭነቱ ገና ትንሽ ሲሆን፣ በተለይ ሌሊት፣ በመድረሻው ጫፍ ያለው ቮልቴጅ ከመነሻው በላይ ይወጣል። ያንን ለመግታት ሪአክተር ያስፈልጋል። በሚያድግ አካባቢ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያሳስብሽ ባዶነቱ ነው፤ በኋለኞቹ ደግሞ ሙላቱ። በሁለቱም ጫፍ አስልተሽ አሳዪ።

ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ውስጥ እስከ ሱስዋ የሚደርሰውን 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር ተመልከቺ። 500 ኪሎ ቮልት ዲሲ ነው፤ አቅሙ 2,000 ሜጋ ዋት ነው፤ የመጀመሪያው የሽያጭ ውል ግን 200 ሜጋ ዋት ነበር፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ 400 የሚያድግ። ላይ ላዩን ላየው ብክነት ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ርቀት ለማማ፣ ለመሬትና ለካሳ ሁለት ጊዜ መክፈል የበለጠ ይጎዳል፤ ዲሲ መሆኑም በአንዱ አገር ግሪድ ላይ የሚነሣው መናወጥ በቀላሉ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ይረዳል።

ለአንቺ አቅም የሚሆነው መላ ይህ ነው፦ ማማውን ለሁለት ሰርኪዩት አሠሪና ለጊዜው አንዱን ብቻ ዘርጊ። ሰብስቴሽኑ ላይም ለወደፊት መስመሮች የሚሆን ባዶ መሬት ዛሬውኑ አስከልዪ። ከተማ ጣቢያውን ከከበበው በኋላ አንድ መስመር ማስገቢያ ቦታ ፍለጋ ስንት ቤት እንደሚፈርስ ታዪዋለሽ። ጥገና ክፍሉ መለዋወጫ የሌለውን እንግዳ የቮልቴጅ ደረጃ ግን ለአንድ ፕሮጀክት ብለሽ አታምጪ።

4. አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

አባቶች ይህን ሲሉ ስለ ኤሌክትሪክ ባያስቡም፣ የሙያችንን ዋና ሕግ ተናግረዋል፦ አንድ ዕቃ ቢወድቅ የቀረው መሸከም አለበት። አንድ መስመር ብቻ ያለው ከተማ ያ መስመር ሲቆረጥ ሆስፒታሉም ውሃ ፓምፑም አብረው ይቆማሉ።

እዚህ ላይ የሚያታልል ነገር አለ። በአንድ ማማ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ሰርኪዩቶች በሥዕሉ ላይ ሁለት መስመር ይመስላሉ። ማማው ቢወድቅ ግን ሁለቱም ይወድቃሉ። ቀደም ሲል የመከርኩሽ ባለ ሁለት ሰርኪዩት ማማ ዕድገትን ይሸከማል፤ ከአደጋ ግን አያድንም። እውነተኛው ሁለተኛ መንገድ በሌላ ሸለቆ፣ ከሌላ ጣቢያ የሚመጣው ነው። ዛሬ ገንዘቡ ባይኖር እንኳ፣ መስመሩ ነገ ቀለበት ሆኖ የሚዘጋበትን ነጥብ በካርታው ላይ ምልክት አድርጊ። ጫፍ ላይ የሚቀረው ሰብስቴሽን ከሌላ አቅጣጫ ሊመገብ እንዲችል ሆኖ ይተከል።

5. መንገዱን በእግርሽ ሂጂ፤ በበጋም በክረምትም።

የሳተላይት ምስል ጣራ ያሳይሻል፤ መቃብር፣ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበትን ዋርካ፣ በድርቅ ጊዜ ብቻ የሚከፈተውን ጉድጓድ፣ የታቦት ማደሪያውን፣ የመስጊዱን ቅጥር ማስፋፊያ አያሳይሽም። እነዚህን የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው። የማዕዘን ማማ ቦታ ከመወሰንሽ በፊት ሽማግሌ ይዘሽ ዙሪው።

መሬቱንም ጠይቂ። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የማማን እግር ቀስ በቀስ ያነሣል ያጋድላል። ቆላው ላይ ደረቅ አሸዋ የሚመስለው ወንዝ አያታልልሽ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት ሲያጥለቀልቅ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አልቋል። በበጋ ያየው ሰው ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ነው ይል ነበር። ማማሽን ከጎርፉ አፋፍ አርቂ፤ ሽቦው ይሻገረው፣ እግሩ አይንካው።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስትገቢ ደግሞ መሬቱ ራሱ እንደሚንቀሳቀስ አትርሺ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፋን አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው አስነሥቷል። የጂኦሎጂ ባለሙያ የሳለውን የስንጥቅ ካርታ ሳታዪ እዚያ አንድም ማማ አታስቀምጪ። ከፓርክ ዳር ስታልፊም ለወፍ አስቢ። ስምጥ ሸለቆ የፍልሰተኛ አእዋፍ ጎዳና ነው። ጥንብ አንሣና ሽመላን የመሳሰሉ ባለ ትልቅ ክንፍ አእዋፍ በተለይ ቀጭኑን የላይኛውን ሽቦ አያዩትም፤ ምልክት ማንጠልጠያው ርካሽ ነው።

6. ደጋና ቆላ አንድ ዓይነት መስመር አይፈልጉም።

ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መስመር ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥቶ አዋሽ ሲደርስ ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል። ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ቮልቴጅን የመከላከል አቅሙ ያንሳል። የውጭ አምራቾች ካታሎግ የሚነግርሽ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር የሚሠራ ልክ ነው። ለደጋው የስኒውን ሰንሰለት ማስረዘም፣ በሽቦና በማማ መካከል ያለውን ርቀት ማስፋት ያስፈልጋል። መብረቁም ደጋ ላይ ይበረታል፤ የማማው እግር ከመሬት ጋር ያለውን መገናኘት በድንጋያማ ቦታ ለኪው እንጂ አትገምቺው።

ታች ሌላ ጠላት አለ፤ ሙቀት። ኮንዳክተር ሲግል ይረዝማል፤ ሲረዝም ወደ መሬት ይወርዳል። በ20 ዲግሪ አየር የሚችለውን ጅረት በ40 ዲግሪ አይችልም፤ ሃያ ከመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላል። አስከፊው ነገር ቆላው የሚግልበት ሰዓት ማቀዝቀዣና ፓምፕ ሁሉ የሚሠራበት ሰዓት መሆኑ ነው። የመስመሩን አቅም በዓመት አማካይ ሙቀት አትጻፊ፤ እጅግ በሚግለው ቀትር ጻፊው።

7. ወሰን ማስከበር የሚጀምረው በጥናቱ ቀን ነው።

የፕሮጀክት መዘግየት ሪፖርት ስታነቢ «በወሰን ማስከበር ችግር» የሚለውን ሐረግ ደጋግመሽ ታገኚዋለሽ። እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ችግር ያስመስሉታል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው የዕቅድ ጉድለት ነው፤ ገንዘቡ በበጀቱ አልተያዘም፣ ወይም ሰዉ የሰማው ግሬደር መሬቱ ላይ ሲቆም ነው።

ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን ከነደንቡ በደንብ አንብቢው፤ በቃልሽ ልታስረጂ የምትችዪ ሁኚ። የሐረርጌ ገበሬ ማሳው ጠባብ ነው፤ በላዩ ያለው ጫትና ቡና ዓመት ከዓመት የሚለቀም የቤቱ ደመወዝ ነው። የማማ እግር የሚይዘው ጥቂት ካሬ ሜትር ነው ብለሽ አትናቂው። በሽቦው ሥር ዝቅ ያለ ሰብል ሊቀጥል ይችላል፤ ረጅም ዛፍና ቤት ግን አይፈቀድም። ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን በቋንቋቸው፣ በስብሰባ፣ ሴቶችም ባሉበት አስረጂ።

ቆጠራው በአንድ በታወቀ ቀን በሽማግሌዎች ፊት ይደረግ፤ ውጤቱም በቀበሌ ሰሌዳ ይለጠፍ። ከቆጠራ ቀን በኋላ የሚበቅል ቤትና ችግኝ ሁልጊዜ አለ፤ ግልጽ ቀን ከሌለሽ እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለየት አትችይም። ካሳው በባልና በሚስት ስም በተከፈተ ሒሳብ ቢገባ ብዙ ቤት ከመፍረስ ይድናል።

አርብቶ አደሩ አገር ስትደርሺ አጥር አለማየትሽ ባለቤት የለውም ማለት እንዳይመስልሽ። የአፋርም የሶማሌም ጎሣዎች የትኛው ግጦሽ በየትኛው ወር የማን እንደሆነ ያውቁታል። ማማ የግመል መንገድ ላይ ወይም የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ እንዳይወድቅ ከጎሣ መሪዎቹ ጋር ካርታውን ዘርግተሽ ተመካከሪ። ሕጉ ስለ ካሳ ይናገራል፤ ሰላምን የሚሰጥሽ ግን ይህ ምክክር ነው።

8. ከመስመሩ አጠገብ ለሚኖረው የምትዋሺው ቃል አይኑርሽ።

መሬቱን የሰጠ ገበሬ ማታ ኩራዝ ለኩሶ ወደ ላይ ቢያይ፣ 230 ኪሎ ቮልት ማሳው ላይ ያልፋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ቢል ይፈረድበታል? «መብራት ይመጣላችኋል» ብሎ የተናገረ ባለሥልጣን በሁለተኛው ዓመት ተዛውሯል፤ የሚጠየቀው ከሱ በኋላ የሚመጣው የጥገና ቡድን ነው።

ከዚያ ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ለአንድ መንደር ኃይል ቆርጦ ማውረድ ለምን እንደማይቻል በቅንነት አስረጂ፤ ሰብስቴሽን ያስፈልጋል፣ ሰብስቴሽንም ብዙ ሚሊዮን ብር ነው። ግን በዚያ አታቁሚ። ጋና ውስጥ በማስተላለፊያ ማማ አናት የሚያልፈውን የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ከማማው ለይተው፣ በመካከለኛ ቮልቴጅ ለመንደሮች ኃይል ማድረሻ አድርገውታል። ይህ ዓይነቱ ዘዴ የሚሻለው ከማማው ዲዛይን ጋር አብሮ ሲታሰብ ነው፤ በኋላ መጨመሩ ይከብዳል። ካልሆነም ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራማችን ከግሪድ ውጭ ለሚቀሩት ያስቀመጠውን የፀሐይ ኃይል ድርሻ መስመሩ ለሚያልፍባቸው ቀበሌዎች ቀድሞ እንዲደርስ አስጽፊ። ወጪው ከመስመሩ ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው፤ የሚገዛልሽ ጥበቃ ግን ትልቅ ነው።

9. የመስመሩን ቀን ከጣቢያውና ከደንበኛው ቀን ጋር አጋጥሚ።

ጎረቤታችን ኬንያ በቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 የነፋስ ተርባይኖች፣ በጠቅላላ 310 ሜጋ ዋት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ተክላ ጨረሰች። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መስመር ግን ተቋራጩ ኪሣራ ውስጥ ወድቆ አልተጠናቀቀም ነበር። ነፋሱ ነፈሰ፣ ኃይሉ እስከ እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 ድረስ መንገድ አጣ፤ መንግሥትም ለዘገየበት ጊዜ ለጣቢያው ባለቤቶች ቅጣት ለመክፈል ተገደደ።

በእኛ በኩል የተገላቢጦሹ ሆኗል። ከሕዳሴ ግድብ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚመጣው 500 ኪሎ ቮልት መስመር በ2008 ዓ.ም. ተጠናቀቀ፤ የግድቡ የመጀመሪያ ተርባይን ኃይል የሰጠው በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። ሥራ ፈቶ የቆመ መስመርም ወለድ ይቆጥራል፣ ጥበቃና ጥገና ይፈልጋል። ሁለቱ ስህተቶች ግን እኩል አይደሉም። መስመር ከጣቢያ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ስለዚህ የግድ አንዱ ይቅደም ከተባለ መስመሩ ይቅደም። ለደንበኛም እንዲሁ ነው። ፋብሪካ ማሽኑን ተክሎ ኃይል ከሚጠብቅ ሰብስቴሽኑ ጥቂት ወራት ፋብሪካውን ቢጠብቅ ይሻላል።

የጊዜ ሰሌዳሽን ስታወጪ ግንባታውን ብቻ አትቁጠሪ። የብድር ድርድሩን፣ ጨረታውን፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውን፣ የውጭ ምንዛሬውን፣ ከጅቡቲ ወደብ የትራንስፎርመር ማጓጓዣውን ቁጠሪ። አንድ ትልቅ ትራንስፎርመር የሚያልፍበት ድልድይ መሸከም ይችል እንደሆነ ዛሬ ካልጠየቅሽ፣ በኋላ ድልድዩ ራሱ ይጠይቅሻል። አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ የሚለው ተረት ለእኛም ነው የተነገረው።

10. የሚጠግነውን ሰው አስቢ።

መስመር ከተመረቀ በኋላ የሚያድርበት እጅ የጥገና ቡድኑ ነው። ማማው ሥር የሚያደርስ መንገድ ከሌለ፣ በክረምት ሌሊት የተሰበረውን ስኒ ለመቀየር ሰዎቹ ዕቃ ተሸክመው በእግር ሊወጡ ነው። የመዳረሻ መንገዱን ከግንባታው በኋላ የሚፈርስ ጊዜያዊ አታድርጊው።

የማማ ብረት ስርቆት የታወቀ መቅሠፍታችን ነው። የታችኞቹ ማዕዘን ብረቶች እየተፈቱ ይሸጣሉ፤ አንድ ቀን ነፋስ ሲመጣ ማማው ይተኛል። እስከ ተወሰነ ከፍታ ድረስ በተራ መፍቻ የማይፈታ ብሎን አሠሪ፤ የቁርጥራጭ ብረት ገዢዎች ላይ ቁጥጥር እንዲኖር ከክልሉ ጋር ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ግን ማማ የሚጠብቀው በስምንተኛው ምክር የነገርኩሽ መንደር ነው። ባሕር ዛፍም አትርሺ፤ ዛሬ ያልነበረው ችግኝ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሽቦው ላይ ይደርሳል። የምንጠራ በጀት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በዕቅዱ ይግባ።

የመብረቅ መከላከያ ሽቦው ውስጥ ፋይበር እንዲኖር አድርጊ። ለመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ዓይን ይሆናል፤ ትርፉ ለቴሌኮም ድርጅት ሲከራይ ለጥገናው ገንዘብ ያመጣል።

11. ግምትሽን ሁሉ ጻፊ፣ ፈርሚበትም።

አስቀድሜ ያልኩሽን እዚህ ላይ አጠናክራለሁ። የሚመጣውን ሁሉ ልታውቂ አትችይም፤ የማታውቂውን ግን መዝግበሽ ማኖር ትችያለሽ። ከወፍራሙ የጥናት ሰነድ ፊት አንድ ገጽ አስቀምጪ። በላዩ ላይ ይህን ጻፊ፦ ጭነቱ ይህን ያህል ይሆናል ያልነው በእነዚህ ደንበኞች ቃል ነው፤ ቃሉን የሰጠን ይህ ቢሮ፣ በዚህ ቀን ነው። 230 ኪሎ ቮልት የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛውን ሰርኪዩት ያልዘረጋነው ጭነቱ እዚህ እስኪደርስ ነው፤ ሲደርስ ዘርጉት። ይህን ሸለቆ የተውነው የስንጥቅ መሬት ስላለበት ነው፤ አጭር መስሏችሁ አትመለሱበት።

ከላይ «ቁጥሩን ትንሽ ከፍ አድርጊው፣ ብድሩ እንዲያልፍ» ወይም «ዝቅ አድርጊው፣ በጀቱ እንዲበቃ» የሚል ይመጣል። አትጣዪ፣ አትሳደቢም። ያንን ቁጥር ተጨማሪ አማራጭ አድርገሽ፣ ማን እንዳዘዘው በቃለ ጉባኤ አስይዘሽ፣ ከራስሽ ስሌት ጎን አስቀምጪው። ውሳኔው የእነሱ ነው፤ ስሌቱ ግን የአንቺ ሆኖ ይቆይ።

ያ ገጽ ከሌለ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው መሐንዲስ ማማውን አይቶ ለምን እዚህ ተተከለ ብሎ ይገምታል፤ ገምቶም የአንቺን ጥንቃቄ እንደ ስህተት ሊያፈርሰው፣ ስህተትሽንም እንደ ጥበብ ሊደግመው ይችላል። ገጹ ካለ ግን ከቆምሽበት ይጀምራል። ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቢ፣ ሶፍትዌሩን ከመክፈትሽ በፊት፣ ያንን ገጽ ጀምሪ። እስካሁን የምታውቂው ሁለት መስመር ብቻ ቢሆንም ጻፊው፤ ቀኑንም ስምሽንም አትርሺ።